ይርዳው ሚስቱን ለመጎብኘት የተሰለፈበት ሕልም

ባለፈው ቅዳሜ ይርዳው በቀን ሕልም አየ። ሕልም የሌሊት ነው የምትሉ ካላችሁ፣ ይርዳው ሌሊቱን ብረት ሲያቀልጥ ስለሚያድር ሕልሙም ወደ ቀን ፈረቃ ከተዛወረ ቆይቷል።

ወደ ሕልሙ ከመግባቴ በፊት ሰዎቹን ላስተዋውቃችሁ። ይርዳውና ባለቤቱ አስካለ የሚኖሩት ሼፊልድ ነው፤ እንግሊዝ አገር፣ በቢላና በማንኪያ ስሟ የገነነ የብረት ከተማ። የከተማዋ ሰው ሳምንቱን ሙሉ ሲያጉረመርም ይከርምና ቅዳሜ ሲሆን ሳንድዊቹን በፌስታል ቋጥሮ ወደ ዳር ይወጣል። ዳሩ ደግሞ የሚያስቀና ነው። በአውቶቡስ ትንሽ ከተሄደ አረንጓዴ ተራራ አለ፤ ከሆዱ ሰማያዊ ድንጋይ የሚወጣ ዋሻ አለ፤ በከሰል የሚሄድ አሮጌ ባቡር አለ፤ ፏፏቴ አለ፤ የጭስ ማውጫው ብዛት ተቆጥሮ የማያልቅ፣ የአንድ እንግሊዛዊ መስፍን ትልቅ ቤት አለ። አስካለ ከእነዚህ አንዱንም አላየችም። የምትሠራው ትምህርት ቤት ኩሽና ውስጥ ነው፤ ሰኞ ሰኞ ልጆቹ «ዋሻ ገባን፣ ባቡር ተሳፈርን» ሲሏት «ጎሽ!» እያለች ድንች ትጨምርላቸዋለች።

ይርዳው «ቅዳሜ እወስድሻለሁ» ሲላት ስንት ቅዳሜ አለፈ። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። አርብ ሌሊት ሠርቶ ቅዳሜ ጠዋት ይመጣል፤ «ጫማዬን ልቀይርና እንውጣ» ብሎ ሶፋው ላይ ይቀመጣል፤ እንቅልፍ ከነጫማው ይዞት ይሄዳል። ሲነቃ መሽቷል፣ ብርድ ልብስ ተደርቦበታል፣ አስካለም ካፖርቷን አውልቃ ሽንኩርት እየላጠች ነው። የሁለቱ ሽርሽር ይኸው ነው።

በዚያ ሳምንት ግን የከተማው የኢትዮጵያውያን ማኅበር አውቶቡስ ተከራይቶ ለአባላቱ የቅዳሜ ጉብኝት አዘጋጀ። ይርዳው ከሁሉ ቀድሞ ተመዘገበና በሚስቱ ፊት ማለ። «በዚህ ቅዳሜ ብተኛ ከሰው አትቁጠሪኝ!» አላት። አስካለ ሳቀች፤ ሳቀችና ሄዳ አዲስ ካፖርት ገዛች። አርብ ሌሊት እሱ እንደ ልማዱ ሥራ አደረ። ሕልሙም እንግዲህ ይኸውላችሁ።

ይርዳው ቤቱ ውስጥ ነቃ፤ በሕልሙ ማለቴ ነው። ወተት ስላለቀ ሊገዛ ወጣ። ሱቅ ሲደርስ ባለሱቁ የለም፤ ላሟ ራሷ ባንኮኒው ጀርባ ቆማ «የዛሬውን ነው የትናንቱን?» አለችው። «የዛሬውን» አለ። «የዛሬው ገና እያሰብኩበት ነው» አለችና የትናንቱን ሰጠችው። ይርዳው ምንም አልገረመውም። ሕልም ላይ የሚገርመን ስንነቃ ነው።

ወደ ቤቱ ሲመለስ መታጠፊያው ላይ ቡናማ የመንገድ ምልክት ተተክሎ አየ። እንግሊዝ አገር ቡናማ ምልክት የሚተከለው ለሚጎበኝ ነገር ብቻ ነው፤ ለሙዚየም፣ ለግንብ፣ ለሐይቅ። ይኼኛው ላይ የተጻፈው «አስካለ» የሚል ነው፤ ቀስቱም የሚጠቁመው የይርዳውን በር ነው። ከሥር «መኪና ማቆሚያ በጓሮ በኩል» ይላል።

ከበሩ እስከ መንገዱ ጫፍ ሰልፍ ተሰልፏል። ሰው ግን አንድም የለበትም። ከፊት አረንጓዴው ተራራ ቆሟል፤ የጎረቤት መኪና እንዳይጨፈልቅ ዳገቱን ሰብስቦ ይዟል። ከኋላው ዋሻው አለ፤ ብርሃን ስላልለመደ ጥቁር መነጽር አድርጓል። ፏፏቴዋ ካፊያ እንዳይነካት ዣንጥላ ዘርግታለች። ከሁሉ ኋላ የመስፍኑ ቤት፣ በራቸውን ቆልፈው ቁልፉን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው መጥተዋል። መቼም እንደዚያ ያለ ቤት አንቱ ካልተባለ ማን ይባላል።

በሩ ላይ ደረቷ ላይ መታወቂያ የለጠፈች በግ ቆማለች። ይርዳው ወተቱን እንደያዘ ሊያልፋት ሲል በቀንዷ መለስ አደረገችው።

«ሰልፍህን ያዝ!»

«ቤቴ እኮ ነው።»

«ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው። ተራራውም ጠዋት የቤት ልጅ ነኝ ብሎኝ ነበር።»

«ባሏ ነኝ!»

በጊቱ ከላይ እስከ ታች አየችው። «ባሏ ከሆንክማ አይተሃታል። ላላዩት ተራ ልቀቅ» አለችው።

ይርዳው ሄዶ ከመስፍኑ ቤት ኋላ ቆመ፤ ወተቱን የሚያስቀምጥበት ቢያጣ ራሱ ጠጣው።

«ለመጀመሪያ ጊዜዎ ነው?» አሉት የመስፍኑ ቤት፣ አንዱን መስኮታቸውን ወደ እሱ ከፈት አድርገው።

«እንደዚያ ይመስለኛል» አለ ይርዳው።

«ታድለዋል። እኔ ስመላለስ ብዙ ጊዜዬ ነው። ሰው እኔ ዘንድ ይመጣል፤ ሳሎኑን ያያል፣ ሥዕሉን ያያል፣ ከዚያ ሽንት ቤቱ የት ነው ብሎኝ ይሄዳል። እሷ ግን ስገባ ይቀመጡ ትለኛለች። ይኼን ሁሉ ዘመን ስቆም ይቀመጡ ያለኝ የለም።» ድምፃቸው ተሰበረ፤ ከጣሪያቸው አንድ እርግብ ብድግ ብላ በረረች።

መግቢያው ገንዘብ አይደለም። እያንዳንዱ ጎብኚ ስለ አስካለ የሚያውቀውን አንድ ነገር ለበጊቱ ይነግራል፤ አንዴ የተባለ አይደገምም። ተራራው ቀረብ አለና «ዳገት ስትወጣ ከራሷ ጋር ታወራለች» አለ። ገባ። ዋሻው ጎንበስ ብሎ «ጨለማ ትፈራለች፤ ሌሊት ብቻዋን ስትሆን የኮሪደሩን መብራት አብርታ ነው የምትተኛው» አለ። ገባ። ፏፏቴዋ «ዕቃ ስታጥብ ታንጎራጉራለች፤ ቧንቧውን ስትዘጋው ታቆማለች» አለች። የመስፍኑ ቤት «የአዲሱ ካፖርቷ ኪስ የውሸት ነው፤ እጇን የምትከትበት የላትም» አሉ። ይርዳው ይህን ሁሉ ሲሰማ ጆሮው ጋለ። መብራቱን አያውቅም። እንጉርጉሮውንም አያውቅም። ስለ ኪሱ ማን ይጠይቃል?

ተራው ደረሰ።

«እሺ» አለች በጊቱ።

«ጥሩ ሴት ናት።»

«ተብሏል።»

«ወጥ አሠራሩን ታውቅበታለች።»

«እሱ ስለ ሆድህ ነው። ስለ እሷ ንገረኝ።»

«ደሴ ነው የተወለደችው።»

«ፓስፖርቷ ላይ አለ። ቀጥል፣ ሰው እየጠበቀ ነው» አለችው። ከኋላው አሮጌው ባቡር ደርሶ ጭሱን ዋጥ እያደረገ ሰዓቱን ያያል።

ይርዳው አብረው ከኖሩበት ዘመን ሁሉ አንድ ነገር ፈለገ፤ ፈለገና ያገኘውን እያፈረ ተናገረ። «ጠዋት ከፋብሪካ ስገባ እሷ ወደ ሥራ ወጥታለች። ተኝታ አይቻት አላውቅም ማለት ይቻላል። አልጋው ላይ የነበረችበት ቦታ ግን ገና ይሞቃል። እኔ የራሴን ቦታ ትቼ እዚያ ላይ ነው የምተኛው። ቀዝቅዞብኝ አያውቅም። ስትነሣ በብርድ ልብሱ መልሳ ትሸፍንልኛለች መሰለኝ፣ ሙቀቱ እንዳይሄድብኝ።»

ባቡሩ ፉጨቱን ዋጠ። በጊቱ በፀጉሯ ዓይኗን ጠራረገችና «ይኼን ማንም አላለም። ግባ» አለችው።

ገባ። ቤቱ የራሱ ቤት ነው፤ ግን በየቦታው ቀይ ገመድ ተወጥሮበታል። በጊቱ ከፊት ከፊት እየሄደች ታስጎበኛለች። «በቀኝ በኩል የምታዩት ሶፋ ነው። የቤቱ ጌታ እዚህ ላይ ከነጫማቸው ያንቀላፉ እንደነበር ይታመናል። ድምፃቸውን ለመስማት ቁልፉን ይጫኑ።» ፏፏቴዋ ቁልፉን ተጫነችው። ማንኮራፋቱ ቤቱን አናወጠው፤ ጎብኚው ሁሉ ሳቀ። ይርዳውም አብሮ ሳቀ፤ ምን ያድርግ።

ኩሽናው ደጃፍ ሲደርሱ በጊቱ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «እባካችሁ አትንኳት፤ ብልጭታ ያለው ፎቶም አታንሡ። ይኼ ክፍል ለመውጣት የተዘጋጀችው ይባላል።»

አስካለ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። አዲሱን ካፖርት ለብሳለች፤ ቁልፎቹን እስከ አንገቷ ቆልፋለች፤ ፀጉሯን ተሠርታለች፤ እግሯን ገጥማ በሩን በሩን ታያለች። እንዲህ አምራ መቼ ነበር ያያት? ልቡ ድንግጥ አለ። ሚስቱን አይቶ የደነገጠ ሰው ምን እንደሚሰማው የደነገጠ ያውቀዋል።

«ሁልጊዜ እንዲህ ናት?» ሲል ዋሻው በሹክሹክታ ጠየቀ።

«ቅዳሜ ቅዳሜ» አለች በጊቱ።

አስካለ ይርዳውን አየችውና ፈገግ አለች፤ ለእንግዳ የሚፈገገውን ፈገግታ። «እንኳን ደህና መጡ» አለችው።

አንቱ ብላ! ያገባት ባሏን!

«ከየት ነው የመጡት?»

«ከ... ከመኝታ ቤት» አለ ይርዳው።

«ኧረ! ሩቅ ነው» አለች ከልቧ አዝና። «መንገዱ አላደከመዎትም?»

«አስኩ፣ እኔ ነኝ እኮ። ይርዳው ነኝ።»

«ይርዳው የሚባልማ አውቃለሁ» አለች፤ ፊቷም በራ። «የኔ ነው። አሁን ተኝቷል። እባክዎ ድምፅዎን ቀነስ ያድርጉልኝ፣ እንዳይነቃብኝ።»

«ተራራ እወስድሻለሁ ብዬሽ ነበር!»

«ተራራውማ ይኸው መጥቷል» አለች አስካለ። ተራራው አፍሮ ኮርኒሱን ቀና ብሎ አየ።

ደወል ተደወለ። «ሊዘጋ ነው!» አለች በጊቱ። «መውጫው በሱቁ በኩል ነው።» ጎብኚው ሁሉ ወደ ሱቁ ተንቀሳቀሰ። ሱቅ ያሉት የእነ ይርዳው መታጠቢያ ቤት ነው። መደርደሪያው ላይ ይርዳው ለሚስቱ ቃል የገባቸው ቅዳሜዎች በትንንሽ ጠርሙስ ታሽገው ተደርድረዋል፤ አንዳቸውም አልተከፈቱም። ፏፏቴዋ አንዱን አንሥታ ወደ መብራቱ አየችውና «እንዴት ያምራል! ፀሐያማ ነበር እኮ» አለች።

ይርዳው ይህን ሲሰማ አልቻለም። ወደ ኋላው ዞረና አንድ እግሩን በቀይ ገመዱ ላይ አነሣ።

«በሕግ አምላክ!» አለች በጊቱ።

እንግዲህ ይርዳው ያደገው በሕግ አምላክ ሲባል ሌባም ወታደርም ባለበት በሚቆምበት አገር ነው። እግሩ አየር ላይ እንዳለ ደርቆ ቀረ። ማለፍም አልቻለ፣ መመለስም አልቻለ። መብራቱ አንድ አንድ እያለ መጥፋት ጀመረ። የኮሪደሩ ብቻ ቀረ።

«አስኩ» አለ በአንድ እግሩ እየተወዛወዘ፣ «እኔ መግባት ከተከለከልኩ አንቺ ውጪ። ነይ! ጎብኚ አይደለሁም። ጥፋቴን አውቃለሁ። ነይ እንሂድ!»

አስካለ አየችው። ከላይ የተንጠለጠለውን እግሩን አየች። ከዚያ ለእንግዳ ያልሆነውን ሳቋን ሳቀች፤ ከወንበሯ ተነሣችና ገመዱን ራሷ በእጇ ዝቅ አድርጋ ተሻገረች። «አንተ ሰውዬ፣ ጫማህን መቼ ነው የምታወልቀው?» አለችው።

አንተ! ይርዳው በደስታ ሊያብድ ደረሰ። በጊቱ «ኧረ ያዙልኝ!» እያለች ስትጮህ ተራራው በር ላይ ተንበረከከ። «ቶሎ ውጡ፣ አላየሁም» አላቸው። ዘለው ጀርባው ላይ ወጡ።

ከላይ ሆነው ሲያዩ አገሩ ሁሉ ተገልብጧል። በጎች ምንጣፍ ዘርግተው ሳንድዊች ይበላሉ፤ እንግሊዞቹ በአራት እግራቸው ይግጣሉ። አንድ ከረባት ያደረጉ ሽማግሌ ሣራቸውን እያላመጡ ለጎረቤታቸው «ዘንድሮ ጨው ያንሰዋል» ይላሉ። አሮጌው ባቡር ደክሞት ተሳፋሪዎቹ በትከሻቸው ተሸክመውት ዳገቱን ይወጣሉ፤ እሱ ደግሞ በፉጨት ያበረታታቸዋል። ወደ ታች ከተማዋ ትታያለች። የብረት ፋብሪካው የጭስ ማውጫ ከሰማይ ጭስ እየሳበ ይውጣል። አለቃው ከበሩ ወጥቶ በአፉ ዙሪያ እጁን አድርጎ ይጣራል።

«ይርዳው! ፈረቃ!»

«ዛሬ አልገባም!» ሲል ይርዳው ጮኸ። እንዲህ ብሎ አያውቅም። ቃሉ ከአፉ ሲወጣ ቀለለው፤ አለቃውም «እሺ፣ መልካም ቅዳሜ» ብሎ ገባ።

ሣሩ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። አስካለ ኪስ የሌለው ካፖርቷን አይታ እጇን በእሱ ጃኬት ኪስ ውስጥ ከተተች። ቀዝቃዛ ነበር። ይርዳው የእጇን ቅዝቃዜ ያኔ አወቀ።

«ይርዴ» አለችው፣ «ይኼ ሁሉ ከቤታችን ይህን ያህል ቅርብ ነበር?»

«ነበር።»

«እና እስከዛሬ?»

ይርዳው ሲያወራ አንገቱን ደፍቶ ነው። «አገርሽን፣ እናትሽን ትተሽ ተከተልሽኝ። እኔ ደግሞ አምጥቼ ኩሽና ውስጥ አስቀመጥኩሽ። ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ዓይንሽን ማየት ያሳፍረኛል። እንቅልፉም ሳያግዘኝ አልቀረም። እወድሻለሁ እኮ፤ መቼ ልንገርሽ? ስመጣ የለሽም፣ ስትመጪ የለሁም።»

ኪሱ ውስጥ ያለው የአስካለ እጅ የእሱን እጅ ጠበቅ አድርጎ ያዘ።

«ዛሬ ግን እዚሁ ነኝ» አለ ይርዳው። «ዋሻውንም፣ ባቡሩንም፣ የመስፍኑን ቤትም አብረን ነው የምናየው። ጀምበር እስክትጠልቅ ዓይኔን አልከድንም። ብከድን ከሰው አትቁጠሪኝ።»

«ይርዴ» አለች አስካለ በቀስታ፣ «እንግዲያው ዓይንህን ግለጠው።»

«ገልጬዋለሁ እኮ።»

«ግለጠው፣ የኔ ጌታ። ደርሰናል።»

ገለጠው።

የማኅበሩ አውቶቡስ ቆሟል። ሰው ይወርዳል። ልጆች አይስክሬም የደረቀበት አፋቸውን እየላሱ፣ ትልልቆቹ ጭቃ የበላው ጫማቸውን እየጎተቱ ያልፋሉ። ጉብኝቱን ያዘጋጁት የማኅበሩ ሊቀመንበር እትዬ ዘነበወርቅ ሲያልፉ ትከሻውን ነካ አድርገው «አይ ይርዳው፣ ዋሻው አመለጠህ!» አሉት። በመስኮቱ ውጭ መብራት በርቷል። መንገዱ ጠዋት የተሳፈሩበት መንገድ ነው። የይርዳው ጉንጭ የአስካለ ትከሻ ላይ ነው፤ አዲሱ ካፖርት ላይ ለሃጩ ወርዷል።

«ደረስን እንዴ?» አለ ቀና ብሎ።

«ደርሰን ተመለስን።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው የተኛሁት?»

«ገና ከከተማ ሳንወጣ። አሁን ተራራው ይመጣል፣ አሁን ይመጣል ስትለኝ ነበር፤ ሳይመጣ ሄድክ።»

«በስመ አብ! ምነው ብትቀሰቅሺኝ?»

«ልቀሰቅስህ ነበር። አንጀቴ እምቢ አለኝ» አለች። «ከሥራ በቀጥታ ነው የመጣኸው፤ እጅህ እንኳ ገና ብረት ብረት ይሸታል። ሶፋው ላይ ስትሆን ታንኮራፋለህ፤ ዛሬ ትንፍሽ አላልክም። እንዲህ ተኝተህ አይቼህ አላውቅም።»

ይርዳው ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። «እሺ፣ እኔስ የእጄን አገኘሁ። አንቺ ምን ምን አየሽ? ንገሪኝ፣ ልስማው።»

«መኪና ማቆሚያውን» አለች አስካለ። «ሁሉንም መኪና ማቆሚያ አየሁ። የዋሻውን፣ የባቡሩን፣ የመስፍኑን ቤት። የመስፍኑ ይበልጣል፣ ዛፍ አለው።»

«ጭራሽ አልወረድሽም?!»

አስካለ ቀኑን ሙሉ የደነዘዘ ትከሻዋን በሌላው እጇ እያሸች አየችው።

«ጭንቅላትህን ለማን ሰጥቼ ልውረድ?» አለችው።